አራቱን መስፈርት ካሟላች ለምን አገር አትባልም?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የሁለተኛ ዓመት የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «መምህራችን አንድ አገር አገር ለመባል አራት ነገር ያስፈልጋል አሉን፦ ቋሚ ሕዝብ፣ የታወቀ ግዛት፣ መንግሥት፣ ከሌሎች አገሮች ጋር የመገናኘት አቅም። ሶማሊላንድ አራቱም አላት። የራሷ ገንዘብ አላት፣ ጦር አላት፣ ምርጫ ታካሂዳለች። ታዲያ ለምን የተባበሩት መንግሥታት አባል አልሆነችም? ሶማሊያ ደግሞ ለዓመታት መንግሥት ሳይኖራት ወንበሯ አልተነካም። ይሄ እንዴት ይሆናል? ለአገር ደህንነትስ እውቅና ምን ይጨምራል?»

እህቴ፣ መምህርሽ የነገሩሽ ልክ ነው። አንቺ የታዘብሽውም ልክ ነው። ሁለቱ አልገጥም ያሉሽ «አገር» የሚለውን አንድ ቃል ለሁለት የተለያየ ነገር ስለምንጠቀምበት ነው። ከዚሁ ልጀምር። (ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

በአማርኛ «መንግሥት» ስንል ዛሬ ሥልጣን ላይ ያሉትን ሰዎችም ማለታችን ነው፤ እነሱ ቢወርዱም የሚቀጥለውን ተቋምም ማለታችን ነው። ቃሉ የመጣው «ነገሠ» ከሚለው ስለሆነ ንጉሡና ዙፋኑ ተለይተው አልታዩንም። «አገረ መንግሥት» የሚለው ቃል የተለመደው ይህን ለመለየት ነው። «አገር» ደግሞ ሌላ ነው። ሰው «አገሬ ናፈቀኝ» ሲል ወንዙን፣ ሰፈሩን፣ እናቱን ማለቱ ነው። አንቺ የጠየቅሽው ስለ አገረ መንግሥት ነው። እሱም ቢሆን ሁለት ፊት አለው። አንዱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ነዋሪው ያያል። ሌላው ወደ ውጭ፣ ወደ ሌሎች መንግሥታት ያያል። ሁለቱ ፊቶች ደግሞ ሁልጊዜ አብረው አይገኙም።

አራቱ መስፈርቶች የተጻፉት በ1933 በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዮ ነው። ፈራሚዎቹ የአሜሪካ አህጉር አገሮች ነበሩ። በዚያ ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮች ሄይቲ ውስጥ ነበሩ፤ ከኒካራጓ ከወጡም ዓመት አልሞላቸውም። ትናንሾቹ አገሮች «የመኖር መብታችን በጉልበተኛ ፈቃድ ላይ አይንጠልጠል» ብለው ነው የተደራደሩት። ለዚህ ነው በዚያው ሰነድ ሦስተኛው አንቀጽ የአንድ አገር ፖለቲካዊ ህልውና በሌሎች እውቅና ላይ አይመሠረትም የሚለው። ስምንተኛው አንቀጽ ደግሞ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ መግባትን ይከለክላል። ብዙ ጊዜ ተማሪ ዝርዝሩን ብቻ ይሸመድድና ይህን ሳያነብ ያልፋል። ዝርዝሩ የተጻፈው ለደካሞች ጋሻ እንዲሆን ነበር። አዲስ አባል ለመቀበል የተዘጋጀ ቅጽ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የሕግ ሰዎች ሁለት ወገን ሆነው ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን እውቅናን እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ያየዋል፤ ልጁ ተወልዷል፣ ቀበሌው መዘገበውም አልመዘገበውም ልጅ ነው ይላል። ሌላው ወገን ወረቀቱ ከሌለ ልጁም እንደሌለ ይቆጠራል ይላል። እኔ ክፍል ውስጥ ይህን ሳስረዳ አንድ የራሳችንን ታሪክ እጠቅሳለሁ። ሁለቱም ወገኖች የትጋ ልክ እንደሆኑ፣ የትጋ እንደሚሳሳቱ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ከተሰደዱ በኋላ የሚኖሩት ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነበር። ገንዘብ አጥሯቸው ነበር። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ደግሞ ከወረራው በፊት ከኢትዮጵያ ፖስታና ቴሌግራፍ ጋር በነበረው ውል መሠረት ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረበት። ንጉሡ ለንደን ፍርድ ቤት ከሰሱ። ጭቅጭቁ ገንዘቡ ለማን ይገባል የሚለው ላይ ነበር። ለስደተኛው ንጉሥ? ወይስ አዲስ አበባን ለያዘችው ጣሊያን?

በ1938 ክረምት ዳኛው ለንጉሡ ፈረዱ። ምክንያቱም ብሪታኒያ ጣሊያንን አገሩን በተግባር የያዘች ብላ ብትቀበልም፣ በሕግ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የምትለው ገና ኃይለ ሥላሴን ነበር። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ሳይወሰን ኖቬምበር ላይ ብሪታኒያ የጣሊያኑን ንጉሥ በሕግ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ አወቀች። ይህንን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመንግሥት ለፍርድ ቤቱ ደረሰ። ፍርዱ ተገለበጠ። ሰውየው ያው ሰውዬ ናቸው፣ ዕዳው ያው ዕዳ ነው። የተለወጠው አንድ ወረቀት ነው።

አሁን ደግሞ ወደዚህ ነይ። ያ ወረቀት ለንደን ሲነበብ ጎጃም ውስጥ በላይ ዘለቀ፣ ሸዋ ውስጥ አበበ አረጋይ በረሃ ነበሩ። ጣሊያን ከለንደን ያገኘችው እውቅና ገጠር ውስጥ አላስገበረላትም። ወረቀቱ የባንክ ሂሳብ ማዛወር ቻለ፤ የገበሬውን ልብ ማዛወር ግን አልቻለም። በሌላ በኩል ሜክሲኮ ለወረራው እውቅና አልሰጥም አለች። አዲስ አበባ ታክሲ ይዘሽ «ሜክሲኮ ወራጅ አለ» ስትዪ የዚያን ውለታ ስም እየጠራሽ ነው። እውቅና መስጠትም ሆነ መንፈግ ክብደት እንዳለው የእኛ ሰው በኑሮው ያውቀዋል።

ወደ ሶማሊላንድ ልመለስ። የብሪታኒያ ጥብቅ ግዛት የነበረችው ሶማሊላንድ ነጻ የወጣችው ጁን 26 ቀን 1960 ነው። ከ30 የሚበልጡ አገሮች የእንኳን ደስ አላችሁና የእውቅና መልእክት ላኩ። ከ5 ቀን በኋላ ጁላይ 1 በጣሊያን ሞግዚትነት ስር ከነበረችው ሶማሊያ ጋር በፈቃዷ ተዋሐደች። የዚያ አምስት ቀን አገር ጠቅላይ ሚኒስትር መሐመድ ኢብራሂም ኢጋል ይባላሉ። ስማቸውን ያዢልኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

ውሕደቱ ቶሎ ነው የመረረው። ሰሜኖቹ፣ ማለትም ሶማሊላንዶቹ፣ ሥልጣኑ ሁሉ ሞቃዲሾ ገባ አሉ። ከ1969 ጀምሮ የዚያድ ባሬ ወታደራዊ አገዛዝ መጣ። በ1981 ለንደን ላይ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተመሠረተ፤ ታጣቂዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ጦር ሰፈር ነበራቸው። ዚያድ ባሬም በበኩሉ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ተቃዋሚዎች ይረዳ ነበር። ኤፕሪል 1988 ሁለቱ መሪዎች ተስማሙ። እኔ ያንተን አማጺ አልረዳም፣ አንተም የእኔን አትርዳ ተባባሉ። ሁለቱም ይህን ያደረጉት ለብሔራዊ ደህንነት ብለው ነው። መጠጊያ ያጣው ንቅናቄ በሜይ መጨረሻ ሁለቱን የሰሜን ከተሞች፣ ቡራኦንና የዛሬዋን የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳን አጠቃ።

ከዚያ የሆነውን ስለ ብሔራዊ ደህንነት የሚማር ሰው ሁሉ ቢያውቀው እመኛለሁ። የዚያድ ባሬ መንግሥት የጦር አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ ይነሳሉ። ሐርጌሳን ይደበድባሉ። ተመልሰው እዚያው ሐርጌሳ ያርፋሉ፣ ቦንብ ጭነው ደግመው ይነሳሉ። ከተማዋ ፈረሰች። መቶ ሺዎች በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ፤ ጅግጅጋ አጠገብ ሃርቲሼክ ላይ የተሠራው መጠለያ በዓለም ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ሆነ። ዛሬ ሐርጌሳ መሐል ከእነዚያ ከወደቁት ሚግ አውሮፕላኖች አንዱ በሐውልት መልክ ቆሟል። እኔ በቶጎ ውጫሌ በኩል በመኪና ተሻግሬ ያየሁት ቀን ልጆች ከሥሩ ጥላው ላይ ተቀምጠው ነበር። ብዙ ጊዜ ቆሜ አየሁት።

የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የቶማስ ሆብስ ክርክር ትዝ ይበልሽ። በ1651 እንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት አይቶ የጻፈው ነው። ሰው ነጻነቱን ለአንድ ኃያል የሚሰጠው ከሌላው ሰው እንዲጠብቀው ነው ይላል። ታዲያ ጠባቂው ራሱ ከከተማሽ ማኮብኮቢያ ተነስቶ ቤትሽን ሲያፈርስስ? ሆብስም ቢሆን ለዚህ መልስ አለው፤ ጥበቃው ሲቀር የመታዘዝ ግዴታውም ይቀራል ይላል። ሜይ 18 ቀን 1991 ቡራኦ ላይ የተሰበሰቡት ሽማግሌዎችና ታጋዮች «ተመልሰናል፣ የ1960ው አገራችን ነን» ያሉት በዚህ ስሜት ነው። አዲስ አገር ፈጠርን አላሉም። ይህ ልዩነት ለሕጉ ክርክር ትልቅ ነገር ነው።

አዋጅ ግን አገር አይሠራም። ከአዋጁ በኋላ እርስ በርስ ተዋግተዋል፤ ቡራኦና በርበራ ላይ ደም ፈሷል። የታረቁት በ1993 ቦረማ በተባለች ከተማ ነው። 150 ገደማ የጎሳ ሽማግሌዎች ለወራት ተቀመጡ። ወጪው በአብዛኛው ከራሳቸው ሰው ነው የተሸፈነው። ዘላኑ፣ ነጋዴው፣ ውጭ ያለው ዘመድ አዋጣ። የሽማግሌዎቹ ጉባኤ ጉርቲ ተብሎ የፓርላማው አንድ ምክር ቤት ሆነ። ፕሬዚዳንት አድርገው የመረጡት ማንን መሰለሽ? እነዚያን የአምስት ቀኑን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ኢጋልን።

ኢጋል የውጭ ብድር አያገኙም ነበር። ስለዚህ ወደ ነጋዴዎች ሄዱ። ከነጋዴ ተበደሩ፣ የበርበራን ወደብ ቀረጥ ያዙ፣ በዚያ ገንዘብ ታጣቂውን ደሞዝ እየከፈሉ ወደ ጦር ሠራዊት አስገቡት። በ1994 የሶማሊላንድ ሽልንግ ወጣ። አንዳንድ ምሁራን እርዳታ ስላልነበረ ነው መንግሥቱ ለሰዉ ጆሮ የሰጠው ይላሉ። እኔ ይህን በግማሽ ነው የምቀበለው። እርዳታ ያላገኘ ሁሉ አይታረቅም፤ ቦረማ ላይ መጀመሪያ ሽማግሌ ነበር፣ ገንዘቡ የመጣው በኋላ ነው።

ጀርመናዊው ምሁር ማክስ ቬበር በ1919 ሙኒክ ላይ ባደረገው ንግግር መንግሥትን የገለጸበት መንገድ ይታወቃል። በአንድ ግዛት ውስጥ ኃይል የመጠቀም ብቸኛ ባለመብት መሆኑን ተናግሮ የሚያሳምን አካል ነው አለ። ጠመንጃውማ ሽፍታም አለው። ልዩነቱ ማሳመኑ ላይ ነው። ሐርጌሳ ገበያ ውስጥ መንገድ ዳር የተቀመጡትን ገንዘብ መንዛሪዎች ያየ ይህን ይረዳል። አንድ ዶላር በብዙ ሺህ ሽልንግ ስለሚመነዘር ብሩ በላስቲክ ታስሮ እንደ ጡብ ተደርድሯል። ጠባቂ የለም። የአዛን ሰዓት ሲደርስ ጨርቅ ጣል ያደርጉበትና ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። ያ ወረቀት ከሶማሊላንድ ውጭ ምንም አይገዛም። እዚያ ግን ሰው ስላመነበት ሩዝም ሥጋም ይገዛል። በ2003 የፕሬዚዳንት ምርጫ ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው ድምፅ ሰጥቶ የመጀመሪያው ቆጠራ ልዩነት 80 ድምፅ ብቻ ነበር። ተሸናፊው ወገን ፍርድ ቤት ሄደ፣ ተረታ፣ ተቀበለ። የተሸነፉት አህመድ ሲላንዮ ከሰባት ዓመት በኋላ አሸንፈው ገቡ። በ2024 ኖቬምበርም ተቃዋሚው አብዲራህማን ኢሮ አሸንፈው ሥልጣን በሰላም ተረክበዋል።

ሶማሊያ ተቃራኒዋ ናት። ከ1991 በኋላ ለረጅም ጊዜ ሞቃዲሾ በጦር አበጋዞች ተከፋፍላ ነበር። ወንበሯ ግን ኒው ዮርክ ውስጥ ቀረ። ሮበርት ጃክሰንና ካርል ሮዝበርግ የተባሉ ምሁራን በ1982 የጻፉት ይህን ለመረዳት ይረዳሻል። የአፍሪካ ብዙ አገሮች የቆሙት በውስጥ አቅማቸው ሳይሆን ሌሎች «አላችሁ» ስላሏቸው ነው አሉ። በሕግ ያለ መንግሥትና በተግባር ያለ መንግሥት ብለው ለዩ። ሶማሊያ የመጀመሪያው ብቻ ነበራት። ሶማሊላንድ ሁለተኛው ብቻ።

ታዲያ ለምን በሩ አይከፈትም? ምክንያቱ በአብዛኛው እኛው አህጉር ውስጥ ነው። ጁላይ 1964 ካይሮ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባላት ነጻ ሲወጡ የነበረውን ድንበር እናከብራለን ብለው ተስማሙ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። አንዱን ድንበር ከነካን ማን ይቆማል? ሶማሊላንድ ግን ይህንኑ ውሳኔ ይዛ ነው የምትከራከረው፤ እኔ ነጻ ስወጣ ድንበሬ የብሪታኒያው ነበር ትላለች። በ2005 የአፍሪካ ኅብረት የላከው አጣሪ ቡድንም ጉዳይዋ በአህጉሩ ታሪክ የተለየ ነው፣ ከሌሎች የመገንጠል ጥያቄዎች ጋር አይቀላቀል የሚል ሐሳብ ጽፏል። ሪፖርቱ መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

በተግባር የሚከፍተው ቁልፍ የቀድሞው ባለቤት ፈቃድ ነው። ኤርትራ በ1993 ስትወጣ አዲስ አበባ ተስማምታ፣ ተመድ ሕዝበ ውሳኔውን ታዝቦ ነው። ደቡብ ሱዳን በ2011 ስትወጣ ካርቱም በ2005 በፈረመችው ውል ነው። ሞቃዲሾ እንደዚያ ፈርማ አታውቅም። የተመድ አባልነት ደግሞ በጸጥታው ምክር ቤት በኩል ያልፋል፤ ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱ እምቢ ካለ ያበቃል። ከሰርቢያ የተገነጠለችውን ኮሶቮን አስቢ። ወደ መቶ የሚጠጉ አገሮች አውቀዋታል፣ አባል ግን አይደለችም። ዲሴምበር 26 ቀን 2025 እስራኤል ለሶማሊላንድ እውቅና ስትሰጥ ከ1991 ወዲህ ከተመድ አባላት የመጀመሪያዋ ነበረች። የአፍሪካ ኅብረት ወዲያው ተቃወመ። የሞንቴቪዴዮ ስምምነት የተፈረመውም በዚያው ቀን፣ ዲሴምበር 26 ነው፤ ልክ ከ92 ዓመት በፊት። አንድ እውቅና ትልቅ ነገር ነው፤ ግን በሩን ብቻውን አይከፍተውም።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ። እውቅና ለደህንነት ምን ይጨምራል? አንድ ቀን ልንገርሽ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ኢትዮጵያና ሶማሊላንድ በባህር በር ላይ የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ፤ ሞቃዲሾ ተቆጣች። በዚያው ወር ወደ ሐርጌሳ የሚበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ፈቃድ የለህም ተብሎ ከአየር ላይ ተመለሰ። የሶማሊላንድ ወታደር ሰማዩን ቀና ብሎ ያያል፤ የሰማዩን ፈቃድ የሚሰጠው ግን ሞቃዲሾ ነው። ከዓለም ባንክ መበደር፣ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት መቆም፣ ተጠቃሁ ብሎ በራስ ስም ለጸጥታው ምክር ቤት ማመልከት፣ ይህ ሁሉ የሚመጣው ከወረቀቱ ጋር ነው። ያለ ወረቀቱ የምትደራደሪውም በጓሮ በር ነው። ወደቡን የሚፈልግ ሁሉ ይመጣል፣ ግን ግፊት ሲበዛበት ዞር ይላል። ያ የመግባቢያ ሰነድ ራሱ ዓመት ሳይሞላው ዲሴምበር 2024 አንካራ ላይ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ሲስማሙ ወደ ጎን ተገፋ። አንካራ ላይ ሐርጌሳ ወንበር አልነበራትም።

ከውጭ የሚመጣው ይህ ነው። ትልቁ አደጋ ግን ከውስጥ ነው፣ እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ። ባሪ ቡዛን የተባለው ምሁር በ1983 መንግሥትን በሦስት ከፈለው፦ ሐሳቡ፣ ተቋሞቹ፣ መሬቱና ሕዝቡ። ሐሳቡ ያልጠነከረ አገር ውስጥ «ብሔራዊ ደህንነት» የሚለው ቃል ያደናግራል፤ የሥልጣን ባለቤቱ ደህንነት ከነዋሪው ደህንነት ጋር ይጋጫል። በ1988 ሐርጌሳ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

በ2023 ደግሞ ላስ አኖድ ላይ ሆነ። በምሥራቅ በኩል ያለች ከተማ ናት። ብዙው ነዋሪ የዱልባሃንቴ ጎሳ ነው፤ ብዙዎቹ ከመጀመሪያውም የሶማሊላንድን ነጻነት በሙሉ ልብ አልተቀበሉም። በ2022 መጨረሻ አንድ የአካባቢው ፖለቲከኛ ተገደለ፣ ሰው አደባባይ ወጣ፣ ተተኮሰበት። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ከሐርጌሳ ጋር አይደለንም፣ ከሞቃዲሾ ጋር ነን አሉ። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ የሶማሊላንድ ጦር ከተማዋን በከባድ መሣሪያ ደበደበ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ፤ ብዙዎቹ ወደ እኛው ሶማሌ ክልል፣ ወደ ዶሎ ዞን ነው የመጡት። ኦገስት ላይ ጦሩ ዋና ሰፈሩን ለቆ ሸሸ። የዚያ ምድር ሕዝብ በ35 ዓመት ውስጥ ከሁለት አቅጣጫ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ያን ጊዜ ያሰደደው የሞቃዲሾ መንግሥት ነበር። አሁን ያሰደደው የሐርጌሳው ነው።

እኔ የሶማሊላንድን ሥራ አከብራለሁ። ቦረማ ላይ የተሠራው በአካባቢያችን ካየሁት የፖለቲካ ሥራ ሁሉ የላቀ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ነው ላስ አኖድ የሚያንገበግበኝ። «ያልፈቀድንለት መንግሥት አይገዛንም» ብለው የተነሱ ሰዎች ያንኑ ቃል ከሌላ ሲሰሙ ቦረማን ትተው መድፍ መረጡ። ከአራቱ መስፈርቶች ደግሞ «የታወቀ ግዛት» የሚለው እዚያ ላይ ተሰነጠቀ። ስለዚህ «አራቱንም ታሟላለች» ያልሽውን ትንሽ አርሚው። በ2022 ብትጠይቂኝ ኖሮ አብሬሽ እል ነበር።

ለፈተናሽ እንዲህ አድርጊ። አራቱን መስፈርት ጻፊ፣ የተጻፉት ለምን እንደሆነም ጨምሪበት። ቀጥለሽ የንጉሡን ክስ አስገቢ፤ እውቅና ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ በአንድ ታሪክ ያሳይልሻል። ከዚያ ሐርጌሳ 1988ን እና ላስ አኖድ 2023ን ጎን ለጎን አስቀምጪና በሁለቱም ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ሲተኮስ «ብሔራዊ ደህንነት» የተባለው የማን ደህንነት ነበር? መምህርሽ ካልተስማሙ ንገሪኝ፣ ምን እንዳሉ መስማት እፈልጋለሁ።